ዳይሱ እንቢ ሲል ምን ይሆናል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ። አይገርመኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ሲያወጡት መንገዱን የከፈተው እሱ ነው። እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው። ግን ሌላ ሳልሞክር ዓመታት ማሳለፌ ይቆጨኛል፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይይዙና “እንዲህ አደርጋለሁ” ይላሉ። መሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል።

ሰዎች የተለያዩ የጨዋታ ሥርዓቶችን፣ ማለትም የደንብ ስብስቦችን፣ ሲያወዳድሩ የመጽሐፉን ውፍረት ወይም የዳይሱን ብዛት ያያሉ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ዳይሱ እንቢ ሲል ጨዋታው ምን ያደርጋል?

እኛ አንድን ትዕይንት በተለያየ ሥርዓት ተጫውተነዋል። ሌባዋ የተቆለፈ በር ፊት ተንበርክካለች፣ ከኋላዋ የዘበኛ ኮቴ ይሰማል። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጣለች፣ ክህሎቷን ደመረች፣ መሪው ካስቀመጠው ቁጥር አነሰባት። በሩ አልተከፈተም። ከዚያስ? ሁላችንም ዝም ብለን መሪውን አየን። ጎበዝ መሪ የሆነ ነገር ይፈጥራል፣ እውነት ነው፣ ደንቡ ግን ብዙም አያግዘውም።

ያንኑ በር ዳንጀን ወርልድ በሚባል ሌላ ጨዋታ ሞከርነው። እዚህ የሚጣለው ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው። ከነጭማሪው 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ያለምንም ጣጣ ይሳካል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ግን ይሳካል፣ ዋጋ ያስከፍላል። ልጅቷ 8 አመጣች። መሪው “በሩ ይከፈታል፤ ግን ወይ መሣሪያሽ ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ወይ ዘበኛው ይሰማሻል፣ ምረጪ” አላት። ወረቀቷን እያየች ለረጅም ጊዜ አሰበች። መሣሪያው ይሰበር አለች፣ እና ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ በር ፊት ባዶ እጇን ስትቆም ያ ምርጫ ትዝ ያላለው ሰው አልነበረም። 6 እና ከዚያ በታች ቢመጣ ደግሞ መሪው ነገሩን ያከርረዋል፣ ተጫዋቹ ግን ገጸ ባህሪው የሚያድግበት የልምድ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ሰው መክሸፍን አይፈራም። ይሄ ጨዋታ ላይ ያለኝን አመለካከት ቀይሮታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ የሚባለው የምርመራና የፍርሃት ጨዋታ ሌላ ነው። የገጸ ባህሪው ክህሎት 35 ከሆነ ተጫዋቹ ከ1 እስከ 100 በሚያወጣ ዳይስ 35 ወይም ከዚያ በታች ማምጣት አለበት፣ አለቀ። አዲስ ሰው በአንድ ደቂቃ ይገባዋል። እዚያ ግን የሚያስፈራው በሩ አለመከፈቱ ሳይሆን መከፈቱ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለውን ያየ ሰው የአእምሮ ጤና ነጥቡ ይቀንሳል። ደረጃ በደረጃ ጀግና መሆን የለም፣ ቀስ እያሉ መሰባበር ነው ያለው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ተዉት እያልኩ አይደለም። ታክቲክ ያለው ፍልሚያና ለወራት የሚያድግ ገጸ ባህሪ ስፈልግ ዛሬም እሱን ነው የምመርጠው። የሚያናድደኝ፣ ቡድኑ የምርመራ ወይም የፍርሃት ታሪክ ሲያምረው ያንኑ ደንብ እየቀደደ እየሰፋ ሲታገል ማየት ነው፣ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ጨዋታ እያለ።

መሞከር ደግሞ ብዙ አይጠይቅም። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያጋራው በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይገኛል። ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ የሚባለው ጨዋታም ነፃ ነው፣ ጠቅላላ ደንቡ አንድ ገጽ ነው። አንዱን ሥርዓት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተጫወቱት፤ የመጀመሪያው ቀን ደንብ በመፈለግ ያልቃል።

በሚቀጥለው ስለዚህ ጨዋታ ስትጽፉ አንድ በር ምረጡና በሦስት ሥርዓት ከፍታችሁ አሳዩን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ