አለፈልኝ ብለህ አትተኛ

ልጄ፣

እህትህ አሁን ደውላልኝ ነበር። ምሳ ላይ ቀኝ እጅህ ዝሎ ማንኪያው ወደቀ፣ አፍህ ተሳሰረ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል የምትለው አልገባትም ነበር። ሲለቅህ «ድካም ነው» ብለህ ተኛህ። ድካም አንድ ጎን መርጦ አይዝም። አሁኑኑ ተነስተህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ ቀሪውን ወረፋ ስትጠብቅ ታነበዋለህ። መኪናውን እህትህ ትንዳ፣ አንተ እንዳትነዳ።

ያገኘህ ነገር አላፊ ስትሮክ ይመስላል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ታግዶ ሲለቀቅ ምልክቱ ይጠፋል፣ ያገደው ነገር ግን እዚያው ሊኖር ይችላል። ዋናው ስትሮክ ይከተላል ተብሎ በጣም የሚፈራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ስለዚህ አለፈልኝ ብለህ አትተኛ።

የላክህልኝን የላብራቶሪ ውጤት ደግሜ አየሁት። «ስኳር የለብህም ተብያለሁ» ብለኸኝ ነበር። እውነት ነው፣ በባዶ ሆድ 112 ነው፣ 126 አልደረሰም። ግን ቁጥሮቹ አንድ ላይ ናቸው የሚነበቡት። የስኳር መስመሩ 100 ነው። የግፊት 130 በ85፣ ያንተ 138 በ88። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 150፣ ያንተ 210። ኤችዲኤል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ለወንድ ከ40 መውረድ የለበትም፣ ያንተ 36። ወገብህ 104 ሴንቲሜትር ሆኗል፤ ላላ ያለውን የ102 መለኪያ እንኳ አልፏል። ከአምስቱ ሦስቱ ከተዛቡ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል፤ አንተ አምስቱንም ይዘሃል፣ የኔ ጌታ።

ሰውነት ስኳርን ከደም ለሚያነሳው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ አልታዘዝ ሲል ስኳሩም ስቡም ደም ውስጥ ይበዛል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የደም ቧንቧው የውስጥ ገጽ ይጎዳል፤ በተጎዳው ላይ ስብ ይጋገራል። ስኳርና ሜታቦሊክ ሲንድሮም ደግሞ ከአንገት ቧንቧዎች ይልቅ ራስ ቅል ውስጥ ካሉት መጥበብ ጋር ይበልጥ ይያያዛሉ። እነዚያ ስፋታቸው ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ጋገራ ይበቃቸዋል። ቀኝ እጅና ንግግር አብረው ሲያዙ እኔ የምጠረጥረው በግራ በኩል ያለውን መካከለኛውን የአንጎል ደም ወሳጅ ነው። የአንገት አልትራሳውንድ ንጹህ ነው ብለው ቢሸኙህ እሺ ብለህ አትውጣ። የራስ ቅሉ ውስጥ ቧንቧዎች የደም ቧንቧን በሚያሳይ ምስል፣ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ አንጂዮግራፊ፣ ይታዩ በል።

አጎትህም ያኔ «አለፈልኝ» ብሎ ነበር። ጠዋት የጠመመው ፊቱ ሲቃና ስቆ ሥራ ገባ፣ ማታ ግን ቃል አልወጣውም። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ጎኑ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጠው አንተ ነበርክ። በእጁ ብቻ ያናግርህ የነበረውን ረሳኸው? አንተም «አለፈልኝ» ስትል ብሰማ ጊዜ ነው እንዲህ የምቆጣው።

ከምርመራ በፊት አስፕሪን እንዳትውጥ፤ ደም ፈሶም ከሆነ ምልክቱ ያው ነው። የቧንቧው ጥበት ከ70 እስከ 99 በመቶ ሆኖ ከተገኘ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው እስከ 90 ቀን ይሰጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ይቀጥላል። ኮሌስትሮል የሚያወርደው መድኃኒት፣ ጠንከር ያለ ስታቲንም አለ፤ ኤልዲኤል፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ከ70 በታች መውረድ አለበት። ግፊቱ በቀስታ ይውረድ፤ ክኒን ደርበህ በአንድ ቀን ልጣለው ብትል በጠበበው ቧንቧ የሚያልፈው ደም ያንሳል። ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት ይግባልኝ ብለህም አትቸኩል። በ2011 ይፋ በሆነው ሳምፕሪስ በተባለው ጥናት፣ በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት የደረሰባቸው ስቴንት ከገባላቸው 14.7 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5.8 በመቶ ነበሩ።

ግፊትህን ስትለካ አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ጀርባህን ተደገፍ፣ ክንድህን በልብህ ልክ አሳርፍ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለካና ጻፍ። ሲጋራውን ዛሬ ጣል። እጅህ ከዛለ ወይም አፍህ ከተሳሰረ መጀመሪያ ሰዓትህን እይ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በአምስት ደቂቃ ቢተውህም አለፈልኝ ብለህ አትተኛ።

የላብራቶሪ ወረቀቱንና የምትውጣቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘህ ሂድ። የምስሉን ሲዲም ተቀበል፣ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃኝም። ስልኩን ለእህትህ ስጣትና ሐኪሙ ያለውን እሷ ትንገረኝ፤ አንተ ታለሳልስብኛለህ።

እናትህ