ጥድ ከመትከላችሁ በፊት

ውድ ሂሩትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እማማስ ደህና ናቸው? ከተጻጻፍን ቆየን። ግቢያችሁ ውስጥ ጥድ ልትተክሉ መሆኑን ከእህቴ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ዛፍ ሲሆን እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ የዚህን አገር ጉድ ልንገርሽ። የአሜሪካዋ ከተማ ላስ ቬጋስ ስትባል የሚወራው መብራቷ ነው። ከከተማው ወጣ ስትዪ ግን ሬድ ሮክ ካንየን የሚባል ቀይ ድንጋያማ በረሃ አለ። እዚያ ኤፌድራ የሚሉት ቁጥቋጦ ይበቅላል። ቅጠል ያለውም አይመስልሽ፤ እንደ መጥረጊያ የቆመ አረንጓዴ ጭራሮ ነው። ቅጠሎቹ በየአንጓው ላይ ያሉ ኢምንት ቅርፊቶች ናቸው፤ ምግቡን የሚሠራው በዘንጉ ነው። እንዲህም ሆኖ የጥድ የሩቅ ዘመድ ነው። እንደ ጥድ ኮን (በቅርፊት የተደራረበ፣ ፍሬ መሰል ነገር) ያወጣል፣ ወንዱና ሴቷም አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ «ባለ አንጓ ጥድ» የሚሉት አሉ። የአካባቢው ሰው ግን «የሞርሞን ሻይ» ይለዋል፤ ሞርሞን የሚባል እምነት ተከታይ የሆኑ ሰፋሪዎች እያፈሉ ይጠጡት ነበርና። ነባሮቹ ሕዝቦችም ከእነሱ በፊት ያውቁት ነበር። ኤፌድሪን የሚባለው መድኃኒት የተገኘው ከቻይናው ዘመዱ ከማ ህዋንግ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ግቢ። «ጥድ» ብለሽ ስትጠይቂ ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ የፈረንጅ ጥድ ነው። የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለአጥርም ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ለግቢያችሁ ግን የሐበሻውን ጥድ ነው የምመኘው። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም፤ ስንት የድሮ ቤተ ክርስቲያን የቆመው በእሱ ነው። የመናገሻን ደን ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት ሲባልም የሚወራው ስለዚሁ ጥድ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። የፈረንጁ ፍሬ ደረቅ፣ እንጨት የሚመስል፣ ሲበስል የሚሰነጣጠቅ ነው። የሐበሻው ግን ትንሽ፣ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ፣ ለስላሳ ፍሬ ነው። እሱም ኮን ነው እኮ፤ ቅርፊቶቹ ሥጋ ለብሰው ስለተጣበቁ ነው ፍሬ የሚመስለው። ችግኝ ፍሬ ስለሌለው ደግሞ ቅጠሉን ዳሰስ አድርጊው፤ የሐበሻው ጥድ ልጅ ሳለ ይዋጋል።

ቦታ ካላችሁ ዝግባም ጨምሩበት፤ ኦሮምኛ የምትናገረው ጎረቤታችሁ ብርብርሳ የምትለውን ማለቴ ነው። እሱም ወንድና ሴት አለው። ፍሬ እንዲይዝ ከፈለጋችሁ ሁለትም ሦስትም ትከሉ። የሐበሻው ጥድም ዝግባውም ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ታገሷቸው።

ችግኙን ከመግዛትሽ በፊት የቅጠሉን ፎቶ ላኪልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ። እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው ሰላም