«ለሁሉም ተማሪ ክፍት» ነው አላችሁ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሁድ ስለ ዩኒቨርሲቲ ክበባት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ዓይኔን ባለማመኔ ነው። «ክበባቱ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ናቸው» ይላል። ሁሉም? እኛ የማታ ተማሪዎቹስ?

የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ቀን መጋዘን ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ፤ ትምህርት 11:30 ይጀምራል፣ 2:30 ስንለቀቅ ሩጫው ወደ ታክሲ ሰልፍ ነው። የክርክር ክበቡ የሚሰበሰበው ረቡዕ 9 ሰዓት። አንድ ቀን የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጥበቃው መታወቂያዬን ገልበጥ አድርጎ አየና «የማታ ነህ እኮ፤ ለማታ ና» ብሎ መለሰኝ። ፈቃዱ ከዓመት ዕረፍቴ ተቆረጠ።

ክበብ ክህሎት ያሳድጋል ማለታችሁን አልቃወምም፤ እንዲያውም ምስክር ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነበርኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ መጀመሪያ ዜና ያነበብኩ ዕለት ወረቀቱ እጄ ላይ ሲርገበገብ የፊተኛው ረድፍ ይስቅብኝ ነበር። ዛሬ «ሦስት ካርቶን ጎደለብኝ» ብሎ የሚጮህን ነጋዴ ረጋ ብዬ የማስረዳው ያኔ በለመድኩት ነው እንጂ በኮርስ አይደለም።

ያኔ ተማሪ የነበረው ገጣሚ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን «ድሀው ይናገራል» ብሎ ድሀውን በግጥም ማናገሩንም አንስታችኋል። ደግ። የዘንድሮው ድሀ ግን ክበቡ በሚሰበሰብበት ሰዓት ሥራ ላይ ነው።

አንድ የግቢው ኃላፊ ስጠይቃቸው «እናንተ ሥራ አላችሁ፤ ክህሎቱን እዚያው ታገኙታላችሁ» አሉኝ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ካርቶን መቁጠር የቡድን አመራር ያስተምራል ማለት ነው፤ አለቃዬ ይህን ቢሰማ ደመወዜን በትምህርት ክፍያ ስም ይቀንስልኝ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና እኮ ቀንና ማታ አይለይም። ክፍያውንም በክሬዲት ሰዓት አስልተን ከኪሳችን እናወጣለን። ፈተናና ክፍያ ሲሆን «ሁሉም» ውስጥ አለንበት።

የጠየቅነው ለክበብ መሰብሰቢያ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ባዶ ክፍልና ቁልፉን ነው። ቁልፍ ያዡ ቅዳሜ አይገባም ተባልን።

ጋዜጠኛችሁ ደግሞ ሲመጣ ከምሽቱ 2:30 ይምጣ። የክበባቱ ማስታወቂያ የተለጠፈበትን ሰሌዳ አሳየዋለሁ። የስልኩን ባትሪ ሞልቶ ይምጣ እንጂ፣ የዚያ ኮሪደር አምፖል ከተቃጠለ ሰንብቷል።

የማታ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ