ሳልመረመር ስለተወሰነብኝ የኪንታሮት ቀዶ ሕክምና የቀረበ ቅሬታ

ለሆስፒታሉ የሕክምና አገልግሎት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ያለ ምርመራ የተሰጠኝ የቀዶ ሕክምና ውሳኔ እንዲጣራና ያስያዝሁት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በሆስፒታላችሁ ሁለት ዓመት ያህል ከሚደማ የፊንጢጣ ኪንታሮት ሕመም ጋር ተመላልሻለሁ። አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ የተነገረኝ አንድ ነው፤ አትክልት ይብሉ፣ ውሃ ያብዙ፣ ይህን ቅባት ይቀቡ። ምክሩ ስህተት ነው አልልም፤ ብዙ ሰው በዚሁ ይሻለዋል። እኔም የታዘዝሁትን ፈጽሜያለሁ። ደሙ ግን አልቆመም። ቅባቱ ስቴሮይድ የተባለ እብጠትና ማሳከክ የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን እንደሚያሳሳ ደግሞ ከእናንተ ሰው አልሰማሁም።

በአምስተኛው ቀጠሮ ያገኘኋቸው ቀዶ ሐኪም ካርዴን አገላብጠው «ቆይቷል፣ መቆረጥ አለበት» አሉኝ። ከተቀመጥሁበት ወንበር አልተነሣሁም፤ ማንም አላየኝም። ደረጃው ስንት እንደሆነ ብጠይቅ «ሐኪሙ እኔ ነኝ» ተባልሁ። ደንግጬ ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ አስያዝሁ። ሰው የሚያፍርበት ሕመም ነውና ደግሞ ለመጠየቅ አንደበቴ ታሰረ።

ሌላ ዘንድ ሄጄ በጣትና በትንሽ መመልከቻ መሣሪያ ተመረመርሁ። ጥቂት ደቂቃ አልፈጀም። የውስጥ ኪንታሮት፣ ሁለተኛ ደረጃ፦ ሳምጥ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ ይመለሳል። በአንደኛው ደረጃ የሚደማ እንጂ የሚወጣ ነገር የለም፤ በሦስተኛው በእጅ ካልመለሱት አይገባም፤ በአራተኛው ቢገፉትም አይመለስም። ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚታሰበው ለእነዚህ ለሁለቱ የመጨረሻ ደረጃዎች፣ ቀለል ያሉት ሕክምናዎች ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ ወይም መድማቱ ደም ማነስ ሲያመጣ ነው። ሁለት ዓመት መቆየቱ ብቻውን ቢላ አያስጠራም። ለእኔ የተመረጠው በላስቲክ ቀለበት ማሰር ነበር፤ ቀለበቱ የደም ሥሩን አንቆ ያደርቀዋል፣ በቀናት ውስጥም ይረግፋል። እንዲህ ያለ አማራጭ መኖሩን እናንተ ዘንድ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነገር አይደለም። ሕመሙ ሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል፤ ሽንት ሊከለክል፣ ሊያደማ፣ አልፎ አልፎም ሰገራ የመቆጣጠር አቅምን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ሳይሰማ የሚፈርም ታካሚ ፈቅዷል ማለት ይቻላል?

ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬ 52 ነው። ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለም፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም ያደማል። ሁለተኛው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁኝ አንጀቴ በካሜራ ታይቶ እንደሆነ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በአምስት ቀጠሮ፣ ከእናንተ ይህን የጠየቀኝ የለም። ምርመራውን አድርጌ ነጻ መሆኔ ተነግሮኛል፤ ውጤቱን ስጠብቅ ያሳለፍኋቸውን ሌሊቶች ግን አልረሳቸውም።

ቀዶ ሕክምናን ጠልቼ አይደለም የምጽፈው። ቀለበቱ ካልሠራ እቀበለዋለሁ፤ ያኔ ግን ታይቼ፣ ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ ይሆናል።

ስለዚህ ያስያዝሁት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ የሕክምና መዝገቤ ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ በአምስቱም ቀጠሮዎች ለምን እንዳልተመረመርሁም በጽሑፍ እንዲብራራልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢው ታካሚ