ለካ አንቺ አልነበርሽም

የኔ ውድ፣ እንዴት ነሽ? ይህን ያህል ዓመት ጠፍቼ «እንዴት ነሽ» ማለቴ ራሱ ድፍረት ነው።

አባዬ አረፈ። ሰምተሽ ይሆናል። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ «የሁላችንም አባት ነበር» ሲል ዋለ። እውነት ነው። ለሁሉ ሲካፈል ለእኔ የደረሰኝ ቁራሽ ነው እንጂ።

የሰባኪ ልጅ መሆንን ላንቺ አልነግርሽም። ሳጠፋ «ያውም የፓስተር ልጅ!» ደግ ስሠራ «ምን ይገርማል፣ የፓስተር ልጅ አይደለች?» ጥፋቱ የእኔ፣ ምስጋናው የእሱ። ቤቱን ማስተዳደር የማይችል ቤተ ክርስቲያንን አይጠብቅም የሚለውን የጢሞቴዎስ ቃል ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የሳሙኤል ልጆች ጉቦ መብላታቸውን ግን ማንም አያነሳም። ሳሙኤልን የሚያህል ነቢይ!

ያቺን እሁድ ታስታውሻለሽ? 12 ዓመቴ ነበር። ጸሎት ሲረዝምብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጥር እንደምቆጥር የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። አንዴማ 900 ደርሻለሁ። በሳምንቱ አባዬ መድረክ ላይ ወጥቶ «አንዲት ልጅ አውቃለሁ» ብሎ ጀመረ። ስሜን አልጠራም። ምን ያደርግለታል? ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ሳቀ። እኔ ያየሁት አንቺን ነው። አቀርቅረሻል። በቃ፣ እሷ ናት አልኩ። ሳልጠይቅሽ ቀስ እያልኩ ራቅኩሽ።

ባለፈው ወር የስብከት ደብተሮቹን ሳገላብጥ ያቺን ስብከት አገኘኋት። ዳር ላይ በእርሳስ «ልጄ ስትጸልይ ከንፈሯ ይቆጥራል» ይላል። ከንፈሬ! እንደሚንቀሳቀስ እንኳ አላውቅም ነበር። ለካ እሱም ዓይኑን አልጨፈነም።

ሠዓሊው ቫን ጎግ የፓስተር ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 አባቱ በሞተ በወራት ውስጥ፣ የአባቱን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ኢሳይያስ 53 ላይ እንደተከፈተ ሣለው። ከጎኑ የጠፋ ሻማ፣ ከፊቱ ደግሞ ብዙ የተነበበች ትንሽ ልብ ወለድ። ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ትንሿ ላይ ነው። እዚያ ግዙፍ መጽሐፍ ሥር ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ግን ቢጫዋ ይታያል።

ያኔ ያቀረቀርሽው ስለ እኔ አፍረሽ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልኬ ያው ነው። ደብተሩን ላሳይሽ እፈልጋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አንቺስ ከንፈሬን አይተሽው ነበር?