እንዳንቺ ከፍ የምትል ሴት አየሁ

እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ጅማም ደህና ናት። ፈረንጅ አራዳ የምታውቂው ጭቃ እንዳለ ነው፤ ዝናቡ ዘንድሮ አላባራ ብሏል።

እናትሽ ካረፉ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። አድራሻሽን በመጨረሻ ከወንድምሽ ተቀበልኩ። አሜሪካ፣ ዴንቨር መግባትሽን የነገረኝም እሱ ነው። ሰርከስ የሚባል ነገር ሲነሳ ወሬ እንደምትቀይሪም ነገረኝ። የምጽፍልሽም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ አሁንም ያኔ አብረን እንሠራው የነበረውን ሰርከስ ለልጆች አሠለጥናለሁ። በቀደም አንዷ ሠልጣኝ ስልኳን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ይሄን እዪው" አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤጂንግ ላይ የተደረገ የኦሎምፒክ ፍጻሜ ነው፤ የሴቶች ስኖውቦርድ፣ ሃፍፓይፕ የሚሉት።

ከበረዶ የተሠራ ትልቅ ቦይ አስቢ። ቁልቁል የተጋደመ ነው። ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ 6.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ተወዳዳሪዋ ሁለት እግሯን አንድ ቦርድ ላይ አስራ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትንደረደራለች። ከግድግዳው አፍ አልፋ አየር ላይ ስትወጣ ትዞራለች፣ ትገለበጣለች። በአንድ እጇ የቦርዱን ጠርዝ ትይዛለች። ከዚያ ተመልሳ እዚያው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ዋናው ነገር ማረፊያው ነው። ከግድግዳው አናት አጠገብ ካረፈች ቁልቁለቱ ፍጥነት ይሰጣታል፤ ለሚቀጥለው ዝላይ ስንቅ ነው። ወርዳ ሜዳው ላይ ካረፈች ግን ጉልበቷን ትመታለች፣ ፍጥነቱም ያልቃል። የቀረው ዝላይ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

ስድስት ዳኞች ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ። ከሁሉም የበለጠውና ያነሰው ይጣልና የአራቱ አማካይ ይያዛል። ሦስት ጊዜ ወርደው የተሻለው አንዱ ነው የሚቆጠርላቸው። ዳኞቹ ከሚያዩት ነገር አንዱ ምን መሰለሽ? ከፍታ! አሠልጣኛችን "ዙሩ ላይ አተኩሪ፣ ከፍታውን ማን ይቆጥርልሻል?" እያለ ሲቆጣሽ ትዝ ይልሻል? እኔ ያኔም አልተዋጠልኝም። አንቺ ስትዘይ ሁላችንም የያዝነውን ትተን ነበር የምናይሽ። ከፍ ያለ ሰው አየር ላይ ጊዜ ያገኛል፤ ዙሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይኸው አሁን የሚቆጥር ተገኘ።

ወርቁን የወሰደችው አሜሪካዊቷ ክሎይ ኪም ናት፤ በ94 ነጥብ። ወላጆቿ ከደቡብ ኮሪያ የሄዱ ናቸው። በ2018ም ፒዮንግቻንግ ላይ ገና በ17 ዓመቷ አሸንፋለች። ያን ጊዜ ሦስት ሙሉ ዙር፣ እነሱ 1080 የሚሉትን፣ ሁለት ጊዜ አከታትላ ሠርታዋለች። ቤጂንግ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ስለበቃት በቀሩት ሁለቱ ከዚያ የሚከብድ ነገር ሞከረች፤ 1260፣ ሦስት ዙር ተኩል። ሁለቱንም ወደቀች። መሪ ሆና ሳለ ከባዱን መሞከሯን በጣም ወደድኩላት። ለልጆቼም ደጋግሜ ያሳየሁት ውድቀቷን ነው።

እኔን የያዘችኝ ግን የብር ሜዳሊያውን ያገኘችው ናት። ኬራልት ካስቴሌት ትባላለች፤ ስፔናዊት ናት፣ ባርሴሎና አጠገብ ካለችው ሳባዴል። የምትታወቀው በከፍታዋ ነው። ጫፍ ላይ ስትደርስ ለአፍታ የቆመች ትመስላለች፤ ስልኩን አቁሜ አየሁት፣ የአንቺ አካሄድ ነው። መጀመሪያ ኦሎምፒክ የገባችው በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ16 ዓመቷ ነው። (የኛው ሮቤል ተክለማርያምም በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚያው ቱሪን ነው።) በ2010 ቫንኩቨር ላይ ፍጻሜ ደርሳ፣ ከውድድሩ በፊት ስትለማመድ ወድቃ ተጎዳችና ቀረች። በ2015 ደግሞ አሠልጣኟም ፍቅረኛዋም የነበረው ቤን ጆሊ ሞተባት። እሷ ግን ቀጠለች። ቤጂንግ አምስተኛ ኦሎምፒኳ ነበር። በ32 ዓመቷ፣ በ90.25 ነጥብ፣ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ሜዳሊያዋን አገኘች።

ስለ ቤን ጆሊ ስሰማ እናትሽ ናቸው ትዝ ያሉኝ። የልምምድ ልብሳችንን በእጃቸው ይሰፉ ነበር። ፍራሹ ዳር ቁጭ ብለው፣ አንቺ ስትዘይ መርፌውን ይዘው እንደደረቁ ይቀሩ ነበር። ለምን ወሬ እንደምትቀይሪ ይገባኛል። የሄደችብሽ እናትሽ ብቻ አይደለችም፣ ተመልካችሽም ናት። እኔ ግን አሁንም ስላንቺ ለልጆቹ አወራለሁ። ደስ የማይልሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ካንቺ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ኮፐር ማውንቴን የሚባል ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ በዲሴምበር የሃፍፓይፕ የዓለም ዋንጫ ውድድር ይደረግበታል። ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። ግድግዳው ዳር ቆመሽ እያቸው፤ ስልክ ላይ ከፍታው ያንሳል። የቦርዱ ድምፅ ምን እንደሚመስልና ሲያርፉ ጉልበታቸውን ምን ያህል እንደሚያጥፉ ጻፊልኝ። ይሄን የምትጠይቅሽ ያቺ ስልኩን ያመጣችው ልጅ ናት፤ ከኔ ይልቅ አንቺን ታምናለች።

ቡና በሰው ልኬልሻለሁ፤ ጥሬ ነው፣ እዚያው ቁዪው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አብሮ አደግሽ፣
ከጅማ