ተሸንግያለሁ

እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ዓመት ከስምንት ወር ዝም ብሎ የከረመ ሰው ስለ ናፍቆት ሲያወራ አያምርበትም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ዕዳዬ ልግባ።

ያኔ በቴሌግራም የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። አንዱ ተማሪሽ «አይም ፍላተርድ» የሚለውን እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ተሸንግያለሁ» ብሎ ተርጉሞ ክፍሉ በሙሉ ሲንጫጫ፣ አንቺም ምን ብለሽ እንደምታርሚው ግራ ገብቶሽ ነበር። «አንቺ እዛው ለንደን ነሽ፣ ሲሉት ትሰሚያለሽ» አልሽኝ። ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ቀረሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።

የገባኝ በዕቁብ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አምስት ሐበሾች ሆነን በወር 100 ፓውንድ መጣል ጀመርን። አብራኝ ፈረቃ የምትገባ አንዲት እንግሊዛዊት አለች። ስለ ዕቁቡ ስነግራት ዓይኗ በራ፣ እኔም «ለምን አትገቢም?» አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኦ፣ አይም ሶ ፍላተርድ!» አለች። ፊቷ ሁሉ ሳቅ። እኔ ቂሏ ስሟን ስድስተኛ አድርጌ ጻፍኩ። የዕጣው ቀን ሴትዮዋም የለችም፣ ገንዘቡም የለም። ሃያ ዓመት እዚህ የኖረችው የዕቁባችን ዳኛ ከት ብላ ሳቀችብኝ። «እሱ እኮ እምቢታ ነው» አለችኝ፤ «ከኋላው ‹በት›፣ ማለትም ‹ግን› አለ። ባትሰሚውም አለ።»

ለካ «ስላሰብሽኝ ክብር ተሰማኝ፣ ግን ተይኝ» ማለቷ ነው። ሁልጊዜ እምቢታ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሥራሽን ሲያመሰግኑልሽም «ደስ አለኝ፣ አፈርኩም» ለማለት ትይዋለሽ። ለተማሪሽ «ክብር ተሰማኝ» በይው፣ ይበቃዋል።

መዝገበ ቃላቱም ቢሆን አልዋሸም። «ፍላተሪ» ራሱ ዛሬም ያው ሽንገላ ነው። ለጥቅም ብለው ሰው ሲያሞካሹ «ቅቤ መቀባት» ይሉታል፣ የኛ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ትዝ አላለሽም? ቅቤው የጋራችን ነው። ግንባታውም እንደዛው። እኛ ሰውን ካብ ካብ እናደርጋለን፣ እነሱ ደግሞ ሙገሳውን ግንበኛ ሲሚንቶ በሚለስንበት መሣሪያ ይለጥፉበታል። ዲዝራኤሊ የሚባለው የድሮ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው፣ ሙገሳ ሁሉም ሰው ይወዳል፣ ለነገሥታት ሲሆን ግን በዚያ መሣሪያ እየዛቅሽ ነው መለሰን ያለብሽ ብሏል ይባላል። ንግሥት ቪክቶሪያን ያገለገለ ሰው ነውና ሳያውቅ አይቀርም።

ቃሉ ሱቅ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ጥቁር ቀሚስ ለክቼ ስወጣ ሻጯ «ቬሪ ፍላተሪንግ» አለችኝ። ልትሸነግለኝ ነው ብዬ ኮስተር አልኩ። ኋላ ሲገባኝ ቀሚሱ ነው የሸነገለኝ፣ ቦርጬን ደብቆ ከራሴ በላይ አሳምሮኛል ማለት ነው። ኳስ ተንታኞቹም እንደዛው ናቸው። አንድ ቡድን እንደነገሩ ተጫውቶ 3 ለ 0 ካሸነፈ፣ ውጤቱ «ፍላተር» አደረጋቸው ይላሉ። ወንድምሽን ጠይቂው፣ በየሳምንቱ ይሰማዋል።

«መኮረጅ ከልብ የሆነ ሙገሳ ነው» የሚል ከ200 ዓመት በላይ የሆነው አባባልም አላቸው። እሱን ለተማሪዎችሽ እንዳታስተምሪ። ፈተና ላይ ይጠቅሱብሻል።

የምወደውን ልንገርሽ። መጦሪያው ውስጥ ዘጠና ያለፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን ቆልፌ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ «ዛሬማ ሙሽራ መስለዋል» እላቸዋለሁ። ሰው በሽንገላ የትም አይደርስም የሚል የታወቀ አነጋገር አላቸው፤ እሳቸው ይገለብጡትና «በሽንገላ የትም ትደርሻለሽ» ይሉኛል፣ በአንድ ዓይናቸው እየጠቀሱ። ከዚያ ሻያቸው ውስጥ ሁለተኛ ስኳር እንድጨምርላቸው ኩባያውን ወደኔ ገፋ ያደርጉታል። ስኳር ተከልክለዋል። ማን ማንን እየሸነገለ እንደሆነ እስከዛሬ አልለየሁም።

ባለፈው የለጠፍሽውን ፎቶ አየሁት። እዚህ ቢሆን ልብሱን ነበር የሚያሞግሱልሽ። እኔ ግን፣ ወፍረሻል። ተስማምቶሻልም። እንደልማድሽ ተሳደቢና መልሺልኝ።

ያው እኔው፣ ከለንደን